ላልቶ የተዘፈነ ቃል

የጋሽ መኩሪያን ሞት የሰማሁት ከላምበረት ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ለቆታል። አንዲት አቅራቢ ማር ማር በሚል ድምፅ፣ የዚያ የምንወደው የ«አውድማው» ዘፈን ግጥም ደራሲ ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ አለች። አስከትላም፣ ገበሬው በልቶ ጠግቦ የሚያድርባትን ለምለም ሀገር በዜማ ያሳዩን አባት ነበሩ ብላ ዘፈኑን ለቀቀችው። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ አብሮ ያንጎራጉራል። ከጎኔ የተቀመጠችው ወይዘሮ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። እኔ መትፋት አማረኝ። በእኔ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ አይከፈትም፤ ዋጥኩት።

አልዋሽም፣ ሀዘኑ የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣው ማቅለሽለሽ ነበር። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን አንድ ነገር ሲጸየፉ ኖረው፣ በሞቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ያንኑ ነገር አናታቸው ላይ አፈሰሱባቸው።

ከጋሽ መኩሪያ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሲግናል አካባቢ በነበረ፣ አሁን ፈርሶ በቦታው መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ በበቀለበት ማተሚያ ቤት፣ እርማት ክፍል። ሥራችን ከመታተሙ በፊት ማንበብ ነው። የሰርግ ካርድ፣ የእድር ደንብ፣ የተማሪ ደብተር ጀርባ፣ የሙት ዓመት መጽሔት፣ ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋል። እኔ ስገባ ገና ወጣት ነበርኩ፤ እሳቸው የክፍሉ አንጋፋ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮሌታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ምራቁን ጣቱ ላይ ቀብቶ ገጽ የሚገልጥ ሰው ካዩ ያንን ወረቀት ያን ቀን አይነኩትም። ክፉ ጽሑፍ ጮክ ብለው ካነበቡ በኋላ መሐረባቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን ይጠርጋሉ። «ኤጭ» ይላሉ፣ አፍንጫቸውን ሰብሰብ አድርገው። ያቺ «ኤጭ» ከሥራ አስኪያጁ ቁጣ ይልቅ ታስፈራን ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የላላ ቃል ነው። መጥበቅ ያለበትን ቃል አላልቶ የተናገረ ሰው ካለ፣ ሹምም ይሁን ጥበቃ፣ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው አየሩን ቆንጠጥ ያደርጉታል። ሌላ ቃል የለም። ቆንጠጥ። ተናጋሪው ገብቶት ይደግመዋል፤ ካልገባውም ሲቆነጥጡበት ይውላሉ። እኔን በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ጊዜ እንደቆነጠጡኝ አልቆጠርኩትም። የአንድ አረጋዊ አመል ነው ብዬ ተውኩት። «ፊደል አይዋሽም፤ የሚዋሽ አፍ ነው» ይሉኝ ነበር። እሱንም እንደ አባባል ብቻ ነበር የምሰማው።

«አውድማው»ን የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን በማተሚያ ቤቱ የማያውቅ አልነበረም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንዱ ጆሮው ላይ ሹክ ይለዋል፤ ያም ዓይኑ ፈጦ፣ ጋሼ፣ እውነት እርስዎ ነዎት ብሎ ይጠይቃል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ግጥሙን እኔ ጻፍኩት። ዘፈኑን አላውቀውም።» ሰው ኩራት ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም እታዘባቸው ነበር። በአውደ ዓመት ቴሌቪዥን ሁሉ የሚዘፍነውን፣ በየሰርጉ ሽማግሌ ሳይቀር የሚያስነሳውን ዘፈን ጽፎ አላውቀውም ማለት ምን ይሉታል?

የማያስታውስ ካለ አዝማቹ ይኸው ነው፦

አውድማው ሲጠረግ ጎተራው ይሞላል፣
ዘንድሮም እንዳምና ገበሬው ይበላል።

አንድ ቀን የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ፖስተር ለእርማት መጣ። ጥርሱ በረዶ የመሰለ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ሞዴል ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጭድ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ከሥሩ በትልቁ፣ «ገበሬው ይበላል! እርስዎም ይብሉ!» ይላል። ፖስተሩ የደረሰው ለጋሽ መኩሪያ ነው። ረጅም ጊዜ አዩት። ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ ደግመው አነሱ። የፊደል ግድፈት የለበትም። የሚታረም ምንም የለም። ፈረሙበትና ተነስተው ወጡ። ስከተላቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያስመልሱ ሰማኋቸው። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ፣ ደግመው ታጠቡ፣ በሦስተኛው ሳሙና ጠየቁኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ እህታቸው ዘንድ አብሬያቸው እንድወጣ ጠየቁኝ። እትዬ አስካለ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ፣ እናታቸው በኖሩበት መሬት ላይ ትንሽ ገብስ እያረሱ ይኖራሉ። መንገዱን በእግር ነው የወጣነው። የዘፈኑን ታሪክ ያጫወቱኝ በዚያ ዳገት ላይ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ በየመቶ እርምጃው እየቆሙ ነው። ድካም አይደለም የሚያስቆማቸው። አንዳንዱን ነገር እየሄዱ መናገር ያቅታቸዋል።

ግጥሙ የእናታቸው ነው። ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አባታቸው ሞተው፣ እናትየው ሁለት ልጅ ይዘው የባለርስት ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ የባለርስቱ ወኪል ቁና ይዞ ይመጣል፤ የመሬቱ ድርሻ፣ አሥራቱ፣ ያምና ውዝፍ እያለ ይሰፍራል። ለእሳቸው የሚተርፈው ግርድ ነው። እናትየው ወኪሉ እህሉን ጭኖ ሲሄድ፣ ጎንበስ ብለው አውድማውን እየጠረጉ ያቺን ግጥም ይሏታል። ጎተራው የባለርስቱ ነው። ቃሉም ጠብቆ ነው፤ ገበሬው በልቶ አይደለም፣ ገበሬው ራሱ ተበልቶ። ዘንድሮም እንዳምናው። ወኪሉ ቢሰማ ቃሏን አላልተው ይምላሉ፤ ደስ ብሎኝ ነው ይላሉ። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ጋሽ መኩሪያ ከተማ ወርደው፣ ጽሕፈት መኪና ተምረው፣ አንድ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ታይፒስት ሆኑ። አለቆች የገጠር ኑሮ ዘፈን ፈለጉ። ይኸ ልጅ ባላገር ነው፣ እሱ ይጻፍ ተባለ። ሦስት ስንኝ ስለ ጅረቱ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ አደዩ ጻፉና የእናታቸውን ግጥም አዝማች አደረጉት። ተንኮላቸውን ሲነግሩኝ ያን ቀን እንኳ ዓይናቸው በራ። ሳንሱሩ የሚያየው ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ ላልቶም ጠብቆም አንድ ነው። ሳንሱሩ አላልቶ አንብቦ ያሳልፈዋል፤ ዘፋኙ መድረክ ላይ አጥብቆ ይለዋል፤ ሕዝቡ ይሰማል፤ እናታቸውም ከዳገቷ ላይ ይሰማሉ።

ሳንሱሩ አሳለፈው። ማኅተም መታበት። የልምምዱ ቀን ግን ያ ሳንሱር ደስ ብሎት ሊሰማ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ዘፋኙ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ሰው፣ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ጀመረ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ አላላው። ገበሬው ይበላል። ከበሮው ተቀበለ፣ ተቀባዮቹ አስተጋቡ፣ አለቃው እሰይ አለ፣ ሳንሱሩ አጨበጨበ።

«አፌን ከፈትኩ» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። «አንዲት ቃል ናት። ጠብቆ ነው ልል ነው። ሳንሱሩ ዞሮ አየኝና፣ ጎበዝ፣ አንተ ነህ የጻፍከው አለኝ። አዎ ጌታዬ አልኩ። አፌን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ዘግቼዋለሁ።»

ዘፈኑ በወሩ ሀገር አዳረሰ። የባለርስቱ ወኪል ሬዲዮ ገዝቶ ደጁ ላይ ከፍቶ፣ ጭሰኞቹን ሰብስቦ አሰማቸው። ይኸው፣ ትበላላችሁ እየተባለ ይዘፈንላችኋል አላቸው። እናትየው ሰሙ። በማግስቱ ያንን ሁሉ ዳገት ወርደው፣ ጠይቀው ጠይቀው፣ ልጃቸው የሚሠራበት ቢሮ በር ላይ ቆሙ። አልተቀመጡም፣ ውኃም አልተቀበሉም። «መኩሪያ፣ ማነው የሚበላው?» ብቻ አሉ። እናትየው ተመልሰው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ አውድማ ላይ ድምፃቸው አልተሰማም።

እትዬ አስካለ ዘንድ ስንደርስ ይኸንኑ እያወራን መሆኑን ከፊታችን አነበቡት። እርጎ ሰጡን። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ወደ አጥሩ እያዩ፣ ግጥሟን አሏት። ያለ ዜማ፣ ደረቅ አድርገው፣ ሰው ሲሰድቡ እንደሚናገሩት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሁለቱ ከንፈሮቻቸው ገጥመው ትንሽ ቆዩ። ያቺ ቅጽበት ብቻ ናት ልዩነቱ። ጋሽ መኩሪያ እርጎውን አስቀምጠው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ያን ቀን እሳቸውንም ታዝቤያቸዋለሁ፤ ይኸን ካልተናገርኩ እኔም የሬዲዮዋ ሴትዮ ነኝ። ጃንሆይ ወረዱ። ሳንሱሩ ጠፋ። መሬት ላራሹ ተባለ። ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም? ስጠይቃቸው፣ ያን ጊዜማ ዘፈኑን መንግሥት ወሰደው አሉኝ፤ ይኸው አሁን ገበሬው በላ ተብሎ በየሰልፉ ይዘፈን ጀመር፤ አይደለም የሚል ሰው ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ። ያም አለፈ። ቀጥሎ የመጣውም ወደደው። የዱቄቱም፣ የዘይቱም፣ የቢራውም ሰው ወደደው። ላልቶ የተዘፈነ ነገር ለማንም ይሆናል፤ ሁሉም እጁን ይጠርግበታል። እሳቸውም እየፈሩ፣ እየተጸየፉ፣ እየታጠቡ ኖሩ። ጡረታ ወጡ። ማተሚያ ቤቱም ፈረሰ።

ከሁለት ዓመት በፊት እንጦጦ ላይ አንድ ሎጅ ውስጥ ሊሸልሟቸው ጠሯቸው። አብሬያቸው ሄድኩ። ከእትዬ አስካለ ገብስ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሆንም፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። በሩ ላይ ቫርኒሽ የተቀባ ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሏል። አስተናጋጆቹ ማንም ተኝቶበት የማያውቅ ጋቢ ደርበው፣ ገበሬ ናቸው ተብለው ትሪ ይዘው ይዞራሉ። ሳር ጎዝጉዘው፣ አውድማ አስመስለው፣ መሐሉ ላይ ቡፌ ዘርግተዋል። የጥብሱ ጠረን፣ የሽቶው፣ የቫርኒሹ፣ ሁሉም ተደባልቆ አፌ ውስጥ ገባ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ፣ የክትፎ እጁን እየላሰ፣ ጋሽ መኩሪያን ትከሻቸው ላይ መታ መታ አድርጎ፣ እርስዎ እኮ ናፍቆታችን ነዎት አላቸው። መሐረባቸውን ሲፈልጉ አየኋቸው።

አንዲት ወጣት ዘፋኝ ዘፈኑን በአዲስ ሙዚቃ ልታቀርብ ተዘጋጅታለች። ጋሽ መኩሪያ ከመድረኩ ጀርባ ሄደው ለመኗት። አዎ፣ ለመኗት። አንዴ ብቻ አጥብቂልኝ አሏት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ጎንበስ ብላ፣ እጃቸውን ይዛ ሰማቻቸው። ከዚያ፣ ጋሽዬ፣ ጠብቆ ከሆነ እኮ ሙዱ ይበላሻል፣ ሰዉ እየበላ ነው አለቻቸው። እውነቷን ነው። ሰዉ እየበላ ነበር።

ሽልማቱን ሲሰጧቸው ማይኩን ያዙ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው። «አዝማቹ ጠብቆ ነው» አሉ። «ገበሬው የሚበላ አይደለም። የሚበሉት ነው።» መድረክ መሪው ቀደም ብሎ ሳቀና፣ ጋሽ መኩሪያ ቀልደኛ ናቸው እኮ፣ ሰምና ወርቅ አመጡብን አለ። ሁሉም ሳቀ። ጭብጨባው ኮርኒሱን አናወጠው። ሙዚቃው ተለቀቀ፤ ልጅቷ አላላችው፤ እነዚያ ጋቢ ለባሾች እስክስታ ወረዱ። ጋሽ መኩሪያ በአንድ እጃቸው ማይኩን እንደያዙ፣ በሌላው አየሩን ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ ያደርጋሉ። የሚጨፍሩ መስሏቸው ቪዲዮ ቀረጿቸው።

ስንመለስ፣ ሰፈራቸው ስንደርስ ክንዴን ያዙ። «ስማኝ ጌታሁን፣ እኔ ስሞት የሕይወት ታሪኬን የምታነበው አንተ ነህ። ይቺን ግጥም ማስገባታቸው አይቀርም። እዚያ ላይ አጥብቅልኝ። አስካለ ትሰማለች፤ እሷ ካልሰማች እናቴ ሳትሰማ ቀረች ማለት ነው።» አጠብቃለሁ አልኳቸው። ማልልኝ አላሉም። እርማት ክፍል አብረን ስለሠራን አመኑኝ።

እንግዲህ ሞቱ። ልጃቸው ዳዊት፣ አያት አካባቢ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ጨዋ ሰው፣ ታሪካቸውን እንዳነብ ራሱ ደወለልኝ፤ አባቱ አዘውታል። ሌሊቱን ጻፍኩት። አዝማቹ ጋ ስደርስ እንደ ሰዋስው መምህር ከ«በ» ራስ ላይ የማጥበቂያ ሁለት ነጥብ በቀይ አኖርኩ። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ከንፈርን ገጥሞ ለአንድ አፍታ መያዝ ነው። ሚስቴ እንኳ ሰምታ፣ አሁን ገና ገባኝ አለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሏል። ካሜራ አለ። ከአንድ ቢሮ የመጡ ሹም ከፊት ተቀምጠዋል፤ የአበባ ጉንጉኑ ላይ ያቺ ስንኝ በወርቅ ቀለም ተጽፋለች። እትዬ አስካለ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ቆመዋል፤ ከዳገቱ በእግራቸው ነው የወረዱት። ማይኩ ጋ ልደርስ ስል ዳዊት ጆሮዬ ሥር መጣ። ጋሽ ጌታሁን፣ አደራ፣ ያቺን የጠብቆ የላልቶ ነገር እንዳያነሱብን፣ እንግዶች አሉ፣ የመንገድ ስያሜም ቃል ገብተውልናል አለኝ። በልቤ፣ ኤጭ አልኩት።

አነበብኩ። ትውልዳቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ ማተሚያ ቤቱን። ድምፄ ጥሩ ነበር። አዝማቹ ጋ ደረስኩ። ቀዩን ነጥብ አየሁት። የመጀመሪያዋን መስመር አልኩ። ሹሙ አንገታቸውን ነቅነቅ ማድረግ ጀምረዋል፤ ሰዉ ቀድሞኝ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ገበሬው አልኩ። ከንፈሬ ገጠመ። መያዝ ነበረበት።

አልያዘም።

ማንም አላስገደደኝም። ሳንሱር የለም፣ ወኪል የለም፣ እስር ቤት የለም። አንድ ሹም ፈገግ ብሎ አየኝ፣ በቃ። ቃሏ ከአፌ ልፍስፍስ ብላ ወጣች፣ እንደ ሬዲዮው፣ እንደ ፖስተሩ፣ እንደ ሎጁ። ሰዉ አብሮኝ አላት። ጨርሼ ስወርድ አንዱ እጄን ጨብጦ፣ ጥሩ አነበብክ፣ ለሬዲዮ የሚሆን ድምፅ ነው ያለህ አለኝ። ያቀለሸለሸኝ የእሱ ነገር አይደለም። የገዛ አፌ ጣዕም ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እትዬ አስካለን መሸሽ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሄጄ እግዚአብሔር ያጥናዎት አልኩ። እጄን ያዙና አልለቀቁኝም። ስለ ማይኩ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ዳዊት ልቀባጥር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ሰማሁህ» አሉኝ። «ፈራህ?»

«አዎ፣ ፈራሁ።»

ፊቴን ቆየት ብለው አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው በወደድኩ።

«እሱም እንዲሁ ነበር» አሉ። ከዚያ አጠገባቸው ካለው አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁልኝና የምግብ ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «በል፣ ቁጭ በልና ብላ።»

ተቀምጬ በላሁ።